የበቆሎ እባብ ከውሃ ሳህኑ አልወጣ ሲል፦ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ መለየት

የበቆሎ እባብ የውሃ እባብ አይደለም። መዋኘት ይችላል፤ ኑሮው ግን ደረቅ መሬት ላይ ነው። የትውልድ አገሩ የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ሲሆን እዚያ በጥድ ደን፣ በእርሻ ዳርና በአሮጌ ጎተራ ውስጥ አይጥ እያደነ ይኖራል። ስሙን ከበቆሎ ጎተራ አገኘ የሚሉ አሉ፤ ሆዱ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ዳማ ዝንጉርጉር በቆሎ ስለሚመስል ነው የሚሉም አሉ። ይህ እንስሳ ሳህኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ውሎ የሚያድር ከሆነ አንድ የጎደለው ወይም አንድ የበዛበት ነገር አለ። ሥራው ያንን ነገር ማግኘት ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ይህ መመሪያ በሰው እጅ ተፈልፍሎ ላደገ የበቆሎ እባብ ብቻ ነው። ቡና ማሳ ውስጥ ወይም ጎተራ ሥር የተገኘ እባብ የበቆሎ እባብ ሊሆን አይችልም፤ ይህ ዝርያ በአገራችን ዱር የለም። እፉኝትን ጨምሮ መርዛማ እባቦች ባሉበት አካባቢ «ይመስላል» ብሎ ማንሳት ሕይወት ያስከፍላል።

ምን ያህሉ የተለመደ ነው?

አልፎ አልፎ ለጥቂት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ለሰዓት ያህል ገብቶ መውጣት ችግር አይደለም። ቆዳውን ሊቀይር የተቃረበ እባብም ከወትሮው በላይ ሊዘፈዘፍ ይችላል። ሙሉ ቀን ሳይወጣ ከዋለ፣ ወይም ሦስት ቀን ተከታትሎ በገባችሁ ቁጥር እዚያው ካገኛችሁት ግን ምርመራ ጀምሩ። ደብተር ያዙ፤ ቀኑን፣ የገባበትን ሰዓት፣ የሙቀቱን መጠን፣ መጨረሻ የበላበትንና የጸዳዳበትን ቀን ጻፉ። ያለ ጽሑፍ «ሰሞኑን ይገባል» ከማለት አያልፍም፤ ሐኪምም በዚህ ብቻ ሊረዳችሁ አይችልም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሳህኑን ማንሳት ነው። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። የሚጠጣውን ታሳጡታላችሁ፣ ችግሩም ባለበት ይቀጥላል። እባቡ ሳህኑ ውስጥ የገባው ሊሸሸው የፈለገው ነገር ስላለ ነው።

ጅማ ላይ ቅደም ተከተሉ ይለያል

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ለደረቅ አገር ሰው የተጻፈ ምክር ሁሉ «አየሩ ደርቆበታል፣ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ እርጩ» በማለት ይጀምራል። በሐምሌ ጅማ ውስጥ ይህን መከተል እባቡን መጉዳት ነው። በክረምት የቤት ውስጥ አየር እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ ሲሆን የበቆሎ እባብ የሚስማማው ከ40 እስከ 60 በመቶ ያለው ነው። ስለዚህ እዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርጥብ አየር የሚመቸው ደም መጣጭ ተባይ፣ ቅንቅን ነው፤ ቀጥሎ የማሞቂያው ነገር ይታያል። የአየር መድረቅ የሚመጣው ከኅዳር እስከ የካቲት፣ አምፖል ቀን ከሌት በሚበራበት ሳጥን ውስጥ ነው።

ደረጃ 1፦ ቅንቅን መፈለግ

የእባብ ቅንቅን ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ ደም ሲጠግብ ጥቁር የሚሆን ተባይ ነው። በቅርፊቶቹ መካከል፣ በዓይን ዙሪያ፣ በአገጭ ሥርና በጅራቱ በኩል ባለው የመጸዳጃ ቀዳዳ አካባቢ ይደበቃል። እባቡ የሚዘፈዘፈው ይህን ለማስለቀቅ ነው። ከፊሉ ይሰምጣል፣ የቀረው ደረቅ ወደሆነው ጭንቅላት ይወጣል፤ መዘፍዘፉ ብቻውን የማያድነውም ለዚህ ነው።

አፈላለጉ እንዲህ ነው። እባቡን አውጥታችሁ የሳህኑን ውሃ ነጭ ሳህን ላይ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ። ታች የሚዘቅጥ የቁንዶ በርበሬ ዱቄት የመሰለ ጥቁር ነጥብ ካለ ጣታችሁን አስነክታችሁ ነጭ ሶፍት ላይ ጨፍልቁት፤ ቀይ ወይም ቡናማ መስመር ከተወ ቅንቅን ነው። ከዚያ እርጥብ ነጭ ሶፍት በእጃችሁ ይዛችሁ እባቡ በመካከሉ እንዲያልፍ አድርጉ፣ ከአንገት ወደ ጅራት፣ ሁለት ጊዜ። በመጨረሻ በባትሪ ብርሃን ዓይኑን ተመልከቱ፤ በዓይኑ ጠርዝ ያለው ቅርፊት ያበጠ ወይም የተገለበጠ ከመሰለ ውስጡ ተባይ አለ። በጥቁር ቅርፊት ላይ እንደ አመድ የተነሰነሰ ነጭ ነጥብም የቅንቅን ኩስ ነው።

አንድ ቅንቅን ብቻ ተገኘ ብላችሁ አትናቁት። እንስቷ እንቁላሏን የምትጥለው ከእባቡ ላይ ወርዳ በሳጥኑ ስንጥቅና ጥግ ነው፤ ሞቃትና እርጥብ ቤት ውስጥ ከእንቁላል እስከ ትልቅነት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይበቃል። የክረምቱ አየር ይበልጥ የሚመቸው ለሷ ነው። እባቡን ብቻ አጥቦ መመለስ ከንቱ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋናው መንጋ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ከተገኘ ሥራው በአንድ ቀን ይጀመር፦

እባቡን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም፣ ለአየር በተበሳ ላስቲክ ባልዲ ወይም ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ፤ ሥሩ ነጭ ወረቀት ብቻ ይሁን። የድሮውን ንጣፍ በፌስታል ቋጥራችሁ አውጡና አቃጥሉ። የሳጥኑን እንጨት፣ ቅርፊትና ካርቶን መደበቂያ ሁሉ አብራችሁ አስወግዱ፤ የእንጨት ስንጥቅን ማጽዳት አይቻልም። ሳጥኑን ከ55 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃና በሳሙና እሹት። ጥጎቹ ላይ ደግሞ የፈላ ውሃ ደጋግማችሁ አፍስሱ፤ መስታወት ከሆነ ግን እንዳይሰነጠቅ ለብ ካለ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አሙቁት። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ከ30 እጅ ውሃ ጋር ደባልቃችሁ ለ10 ደቂቃ አቆዩበት፣ ሽታው እስኪጠፋ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። እባቡን ደግሞ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ አቆዩ፤ የውሃው ጥልቀት ከሰውነቱ ውፍረት ግማሽ አይለፍ፤ ጥላችሁት አትሂዱ። ወረቀቱን በየቀኑ ለውጡ፤ ማጠቡን በየ3 ቀኑ ድገሙ። የመጨረሻው ቅንቅን ከታየ በኋላም ቢያንስ አራት ሳምንት ቀጥሉ። ሰው የሚሸነፈው ሁለተኛው ሳምንት ላይ «ጠፋ» ብሎ ሲያቆም ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ በብርቱ የምናስጠነቅቀው አለ። ለከብት መዥገርና ለእህል ነቀዝ የሚሸጡትን ዲያዚኖንና ማላታይን እባቡ ወዳለበት ሳጥን አታስጠጉ። አይቨርሜክቲን በሐኪም እጅ ለእባብ ይሰጣል፤ ሒሳቡ ግን ለቤት ሰው የሚሆን አይደለም። ለከብት የሚሸጠው 1 በመቶ መርፌ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አለው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መጠን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ነው። 500 ግራም ለሚመዝን እባብ 0.1 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.01 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፤ በ1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ላይ ያለችው ትንሿ መስመር ያህል። ግማሽ ሚሊ ሊትር የወጋ ሰው 50 እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ኤሊ ካለ ደግሞ ይህ መድኃኒት ለኤሊ ገዳይ ነው።

ደረጃ 2፦ ሙቀቱን በመሣሪያ መለካት

በእጅ ነክቶ «ሞቅ ይላል» ማለት ልኬት አይደለም። የሰው ትኩሳት መለኪያም አይሠራም፤ መነሻው ከ32 ወይም ከ35 ዲግሪ በላይ ስለሆነ እባብ የሚኖርበትን ሙቀት አያሳይም። የጫጩት ማሳደጊያ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ያለው፣ ሽቦው ጫፍ ላይ መለኪያ ያለበት ቴርሞሜትር ይበጃል፤ እርጥበትም የሚያነብ ከሆነ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱን ሞቃቱ ጎን ወለል ላይ፣ ሌላውን ቀዝቃዛው ጎን ላይ አድርጉ።

ሞቃቱ ጎን ከ28 እስከ 31 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ከ21 እስከ 25 ይሁን። ሌሊት እስከ 20 ቢወርድ አይጎዳውም። ቀዝቃዛው ጎን ራሱ ከ28 በላይ ከሆነ እባቡ የሚሸሽበት ስላጣ ውሃ ውስጥ ይገባል። በጅማ አየር ይህ ከሰማይ የሚመጣ ሙቀት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሰው የፈጠረው ነው። ጠባብ ሳጥን ላይ ትልቅ አምፖል፣ ቴርሞስታት (ሙቀቱን በልክ የሚያቆም መሣሪያ) የሌለው ማሞቂያ፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሳጥን፣ የጠዋት ፀሐይ የሚመታው የመስታወት ሳጥን። በየካቲትና በመጋቢት፣ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋበት ወቅት፣ ማሞቂያው በቀን ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ የአምፖሉን ዋት ቀንሱ፣ ማሞቂያው የሳጥኑን ሲሶ ብቻ ይሸፍን፣ ሳጥኑን ከመስኮት አርቁ። እባቡ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ከውሃው ከወጣ ምክንያቱ ይህ ነበር።

የተገላቢጦሽም አለ። ሳህኑ ማሞቂያው ላይ ከተቀመጠ ውሃው ከወለሉ ይልቅ ይሞቃል፤ በታኅሣሥ ሌሊት መብራት ሲጠፋ እባቡ ሙቀቱ የቀረበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ ሊገባ ይችላል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን ወጥመድ ይሆንበታል። ሳህኑ ምንጊዜም ቀዝቃዛው ጎን ይቀመጥ። ለመብራት መቋረጥ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቃቱ ጎን አስቀምጡ፤ በየ3 ሰዓቱ ቀይሩት።

ደረጃ 3፦ ዓይኑን ማየት

ዓይኑ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ሰማያዊ ግራጫ ከሆነና ቀለሙ ከደበዘዘ ቆዳ ሊቀይር ነው። ጭጋጉ ጥቂት ቀናት ይቆያል፣ ዓይኑ መልሶ ይጠራል፣ ከጠራ በኋላም በጥቂት ቀን ውስጥ ቆዳውን ይጥላል። በዚህ ጊዜ መዘፍዘፉ ይጠበቃል። አትያዙት፣ ምግብም አታቅርቡለት። ክዳን ያለው ትንሽ የላስቲክ ዕቃ ጎኑ ላይ መግቢያ ከፍታችሁ፣ ጠርዙን አለስልሳችሁ፣ ውስጡ ታጥቦ የተጨመቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አድርጉለት። ሳጥኑ በሙሉ ሳይረጥብ የሚፈልገውን እርጥበት እዚያ ያገኛል፤ አብዛኛው እባብ ይህ ከተሠራለት ሳህኑን ይተወዋል። ጨርቁ በየሁለት ቀኑ ይቀየር፣ ካልሆነ ይሻግታል።

የተጣለውን ቆዳ ዘርጋችሁ እዩ። ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ አንድ ወጥ መሆን አለበት፤ ሁለቱ የዓይን ክዳኖችም እንደ ትንሽ መስታወት ተያይዘው መውጣት አለባቸው። ተቆራርጦ ከወጣ ወይም ጅራቱ ላይ ቀለበት ከቀረ ለብ ባለ ውሃ 20 ደቂቃ አቆይታችሁ በእርጥብ ፎጣ መካከል አሳልፉት። በዓይን ላይ የቀረውን ግን በጥፍርም በወረንጦም አትንኩ፤ ዓይኑን ታጠፉታላችሁ። እርጥበት ጨምራችሁ ቀጣዩን ጠብቁ፣ ወይም ለሐኪም አሳዩ።

ደረጃ 4፦ መደበቂያ አለው?

ይህ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ቤት ውስጥ የሚገኘው መልስ ይህ ነው። እባቡ መደበቂያ ከሌለው ሳህኑ ጥልቅና ጨለማ ስለሆነ ብቻ ይመርጠዋል። አንድ ሞቃቱ ጎን፣ አንድ ቀዝቃዛው ጎን፣ ሰውነቱ ግድግዳውን እየነካ የሚገባበት ጠባብ መደበቂያ አድርጉለት፤ አፉ የለሰለሰ የተሰበረ ገንቦ ግማሽ ይበቃል። ሦስት ቀን ሳትነኩት ተዉት። ወደ መደበቂያው ከተዛወረ ፈርቶ ነበር ማለት ነው። አዲስ የመጣ እባብ ይህን በተለይ ያደርጋል።

ደረጃ 5፦ ሆዱን መዳሰስ

ጤናማ እባብ ከበላ ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይጸዳዳል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ካለፈና የሰውነቱ የኋለኛ ሲሶ ካበጠ የሆድ ድርቀት ሊሆን ይችላል። ምግብ አቁሙ፣ ሞቃቱን ጎን 30 ዲግሪ አድርጉ፣ ለብ ባለ ውሃ 20 ደቂቃ ለሦስት ቀን በየቀኑ አቆዩት። ካልወጣ በእጅ አትጫኑ፤ ውስጡ ይቀደዳል።

እንስት ከሆነች ሌላ ነገርም አለ። የበቆሎ እባብ ወንድ ሳታገኝም መካን እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከመጣሏ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ቆዳ ትቀይራለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ በየጥጉ ትንከራተታለች፣ ሌላ እርጥብ ቦታ ካጣች ውሃ ሳህኑ ውስጥ ትተኛለች። እርጥብ ጨርቅ ያለበትን ዕቃ፣ ሰውነቷ በሙሉ የሚዞርበት አድርጋችሁ፣ አስገቡላት። ውሃ ውስጥ ከጣለች ፍሬ ያለው እንቁላል ይበላሻል። መጣል ጀምራ አንድ ሁለት እንቁላል ውስጧ ቀርቶ ቀን ካለፈ ለሐኪም የሚያስቸኩል ጉዳይ ነው።

መዘፍዘፉ ራሱ የሚያመጣው ጉዳት

ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ እባቡን አንሥታችሁ የሆዱን ቅርፊት እዩ። ቀላ ያለ፣ ቡናማ ጠርዝ ያወጣ ወይም ውሃ የቋጠረ ቅርፊት የመበስበስ መጀመሪያ ነው። በክረምት ጅማ ላይ ይህ ከድርቀት ይልቅ ያስፈራል። ወዲያው ወደ ደረቅ ነጭ ወረቀት አዛውሩት፤ ፖቪዶን አዮዲን የቀጠነ ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥናችሁ ሆዱን በቀን ሁለት ጊዜ ጥረጉ፣ አድርቁ። ቋጠሮውን አታፍርጡ። በሳምንት ካልተሻለ ወይም ሽታ ካመጣ ሐኪም ያስፈልገዋል።

አብሮ የሚመጣው ሌላው የሳንባ ብርድ ነው፦ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ በአፍ ዳር አረፋ፣ ሲተነፍስ የፉጨት ድምፅ። ይህ በቤት ሕክምና አይድንም።

ንጣፉም ይታይ። ከአናጺ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ የምን እንጨት እንደሆነ ካልታወቀ አታንጥፉ፤ የጥድ መዓዛ ለእባብ መተንፈሻ መርዝ ነው። የቡና ገለባ በየቦታው በነፃ ስለሚገኝ ያጓጓል፤ ሲረጥብ ግን ቶሎ ይሻግታል። ነጭ ወረቀት ወይም ጋዜጣ ከሁለቱም ይሻላል፣ ቅንቅኑንም ያሳያል።

ስለ ሳህኑ

ከባድ፣ ሰፊ መቀመጫ ያለው፣ እባቡ ሲገባ የማይገለበጥ ይሁን። ግማሹን ብቻ ሙሉ፤ እስከ አፉ የሞላ ሳህን እባቡ ሲገባ ይፈስና ንጣፉን ያበሰብሳል። ያልተቀባ ሸክላ አንመክርም። እንደ ውሃ እንስራ ያልባል፤ ውሃውን ያቀዘቅዛል፣ ሳጥኑን ያረጥባል፣ ቀዳዳዎቹም በበረኪና በደንብ አይጸዱም። ብርጭቆ ወይም ቅብ ያለው ይሻላል። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፤ ከጸዳዳበት ወዲያው። የቧንቧ ውሃ ይበቃል፤ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈውን የአዌቱን ውሃ ግን አታቅርቡለት። ሳህኑን ከቤተሰብ ዕቃ ጋር አትጠቡ፤ እባቦች ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይዘው ይኖራሉ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ደግሞ አጥብቆ ይጎዳል። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሐኪም ጋ ሲኬድ

ሙቀቱ ልክ ሆኖ፣ ቅንቅን ሳይገኝ፣ ቆዳም ሳይቀይር፣ መደበቂያ እያለው ሁለት ሳምንት ከቀጠለ፤ ወይም ክብደቱ ከቀነሰና ቆዳው ከተጨማደደ የውስጥ ሕመም፣ ለምሳሌ የኩላሊት ችግር፣ ሊሆን ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ተሳቢ እንስሳ የሚያይ ባለሙያ መኖሩን ጠይቁ። ከናንተ ጋር ይዛችሁ ሂዱ፦ የቀን መዝገቡን፣ በግራም የተጻፈ ክብደቱን፣ በጠራ ፕላስተር ላይ የተለጠፈ የተጠረጠረ ተባይ፣ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ የአንድ ቀን ኩስ፣ የሳጥኑን ፎቶ ከነቴርሞሜትሩ።

እባቡን ትራስ ልብስ ውስጥ አስገብታችሁ አፉን ቋጥሩ፣ ከዚያ የተበሳ ካርቶን ውስጥ አድርጉት። በባጃጅ ሲኬድ ካርቶኑ ጭን ላይ ይያዝ፤ ሞተሩ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚመታው ጎን አይቀመጥ። የውሃ ሳህን አብሮ አይገባም፤ ለአንድ ቀን መንገድ ደርሶ ሲመለስ መጠጣቱ ይበቃዋል።